ለልጅ ወርቁን ብቻ

መምህርት አትጠገብን የቀበርናት ቢቸና፣ አባቷ ቅኔ ባስተማሩበት ደብር ነው። የሕይወት ታሪኳን ያነበበው የሥራ ባልደረባዋ የት እንደተወለደች፣ የት የት እንዳስተማረች በትክክል ተናገረ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና «ፍርሃት የሚባል ነገር የማታውቅ ጀግና ነበረች» አለ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔ ተናደድሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ለሬዲዮ ዜና በመጻፍ ነው። ብዙ ቀብር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሟችን ከፍ ለማድረግ የሚነገር ማጋነን ብዙም አያስደንቀኝም። ይኸኛው ግን ማጋነን አልነበረም፤ ሐሰት ነው። አትጠገብ ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ፈሪዋ ነበረች። አትደብቀውም። ሰው ቁመቱን እንደሚናገር «እኔ ፈሪ ነኝ» ትላለች፤ ከዚያ የምትሠራውን ትሠራለች። ፍርሃቷን ከታሪኳ አውጥቶ መጣል የሠራችውን ሥራ ሁሉ ማቅለል ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲታደል አጎቷ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። «ማኅሌትስ? ለምን አላየኋትም?» አልኋቸው። ማኅሌት የአትጠገብ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷን አታውቀውም፤ የነበረቻት እናቷ ብቻ ናት።

«ሞጣ ናት፣ የሻረግ ዘንድ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የሻረግ የአትጠገብ ታናሽ እህት ናት። «አልሰማችም። እናትሽ ባሕር ዳር ሕክምና ላይ ናት፣ ትመለሳለች ብለናታል። የሻረግም ቀብር ያልመጣችው ልጅቱ እንዳትጠረጥር ብላ ነው። እንግዲህ ፈተናዋን ትጨርስና ይነገራታል።»

ንፍሮውን ሳልቀምስ አስቀመጥሁት። ይህን ከሰው ሁሉ መርጠው ያደረጉት በአትጠገብ ልጅ ላይ ነው።

ለምን እንደተናደድሁ የሚገባው እሷን ያወቀ ሰው ብቻ ነውና፣ ያወቅሁትን እጽፋለሁ።

የተዋወቅነው እዚያው ቢቸና ነው፤ አንደኛ ክፍል ታስተምር በነበረበት ጊዜ። አንድ ጎረቤታችን የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መንገድ ላይ ሞተ። ሚስቱ እንደ ወጉ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ተረዳች። ለትንሿ ልጁ ግን «አባትሽ ደጀን ሄዷል፣ ለገበያ ቀን ይመጣል» ተባለ። ልጅቷ በየገበያው ቀን መናኸሪያው በር ላይ መቆም ጀመረች። አውቶቡስ በገባ ቁጥር የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ታያለች። ቀጥሎ እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ መጮኽ አመጣች። ቀጥሎም እናቷ መጸዳጃ ቤት ስትገባ በሩን ይዛ መቆም። ሰፈሩ «ዓይን በልቷታል» አለ፤ ጠበል ወሰዷት።

አትጠገብ የመጣችው አስተማሪዋ ስለነበረች ነው። ቀጭን ሴት ነበረች፤ ስታወራ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ታጠነጥናለች። ጥለቱ ሁልጊዜ የተበላ ነበር። ዘመድ ተሰብስቧል፤ እኔም በጎረቤትነት ተጠርቻለሁ።

«ልጅ መርዶ አይችልም፣ የኔ ልጅ» አሏት አንድ አዛውንት።

«አባቴ፣ ልጅ የማይችለው መርዶውን አይደለም። መጠበቁን ነው።»

«አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አልወለድሁም። ጠብቄ ግን አውቃለሁ።»

ምን እንደጠበቀች የነገረችኝ በኋላ ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሞቱባት። የቅኔ መምህሩ አባቷ አስጠርተው «እናትሽ የሕይወት ውሃ ልትጠጣ ሄዳለች» አሏት። እሷ ጠበል ማለታቸው መሰላት። ጠበል የሄደ ሰው ይመለሳል። አጥሩ ሥር ተቀምጣ የጠበል ጀሪካን ያንጠለጠለችን ሴት ሁሉ ስታይ ክረምቱ አለፈ፤ ሌላም ክረምት መጣ። መርዶዋን ያረዳቻት የሰፈር ልጅ ናት። በገመድ ዝላይ ተጣልተው፣ «ኤዲያ፣ እናትሽ እንኳ ሞታለች» ብላ።

«አባቴ አልዋሸኝም» ትል ነበር አትጠገብ። «ቅኔ ነገረኝ። የሕይወት ውሃ፤ ሰሙ ጠበል፣ ወርቁ ሞት። ለተማሪዎቹ ቢሆን ግሩም ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ቅኔ ትፈታለች እንዴ? ለትልቅ ሰው ሰምና ወርቅ ይሁንለት። ለልጅ ወርቁን ብቻ።»

ያን ዕለት ከዘመዶቹ ጋር እስከ ማታ ተከራከረች። በማግስቱ ማለዳ፣ ለትልቅ ሰው መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ እናትየዋ ልጅቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለአትጠገብ በርጩማ ሲቀርብላት እምቢ ብላ እሷም መሬት ተቀመጠች። የምትናገረው እናትየዋ እንድትሆን አስቀድማ አስማምታታለች። «መርዶውን የሚናገረው ነገ ጠዋት ፊቷን የሚያጥባት ሰው ነው» አለቻት። «እኔ ነግሬያት ብሄድ፣ ሐዘኑን ላይዋ ላይ ጥዬ መሄዴ ነው።» ቃሉንም መርጣላታለች። «ሞተ በያት። ሄደ ካልሻት ትጠብቃለች። ተኛ ካልሻት መተኛት ትፈራለች። እግዜር ወሰደው ካልሻት እግዜርን ትቀየማለች።»

እናትየዋ «አባትሽ ሞቷል» አለች።

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ «እንግዲያው መናኸሪያ አልሄድም?» አለች።

«አትሄጂም፣ የኔ እናት።»

ያኔ አለቀሰች፤ እናቷ ጭን ላይ ተደፍታ። አዛውንቱ «አላልናችሁም?» ብለው ተነሡ። ለቅሶውን እንደ ጥፋት ቆጠሩት። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ መናኸሪያ አልቆመችም፤ ጥቂት ቆይቶ እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጀሪካን ይዛ መከተል ጀመረች፤ ከዚያ ደግሞ መከተሉን ተወች።

ያን ማለዳ አትጠገብን ፍለጋ ስወጣ ከአጥሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ ስታስመልስ አገኘኋት።  አፏን ጠረገችና ቀና አለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለችኝ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ ይኸንንም ደግሞ በሬዲዮ እንዳትለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሬዲዮ» ሆነ። ማኅሌት ተወልዳ አፏን ስትፈታ «ጋሽ ሬዲዮ» አለችኝ፤ እስከ ዛሬም ሌላ ስም አላወጣችልኝም።

ቢቸና ለአትጠገብ ያወጣላት ስም ግን ቀልድ አልነበረም። «የሕፃናት መርዶ ነጋሪ» አሏት። ገበያ ላይ ስትታይ ልጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው የሚስቡ እናቶች ነበሩ። ሞት የምታመጣ ይመስል። እነዚያው እናቶች ቤታቸው ሐዘን ሲገባ፣ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል ይልኩባታል። እሷም ትሄዳለች፤ ትናገር ዘንድ ሳይሆን የሚናገረው ሰው አጠገብ ልትቀመጥ። ስትመለስ ታስመልሳለች። በማግስቱ ገበያ ላይ ያችው እናት ፊቷን ታዞርባታለች። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ለምን እንደምትታገሣቸው ጠየቅኋት። «ፈርተው ነው» አለች። እኔ እንደሷ ቸር አይደለሁም። «ለልጁ አስበን ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለልጁ አስቦ አይደለም። ነገሩን ሲሰማ የልጁን ፊት ማየት ስለማይችል ነው። የራሱን ፍርሃት የልጁ አንገት ላይ አስሮ፣ ስሙን ርኅራኄ ይለዋል።

በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወረች። ሥራ ወደዚያ ባደረሰኝ ቁጥር ቤቷ እገባ ነበር። አንድ ጊዜ ተቀምጬ ሳለሁ ልጄ ደወለልኝ። «መጣሁ፣ አሁን መጣሁ» ብዬው ዘጋሁ።

«የት ነው ያለኸው፣ ሬዲዮ?» አለችኝ።

«ሞጣ ነዋ።»

«ልጅህስ?»

«ባሕር ዳር።»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው የመጣኸው?» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። «የእኛ ሰው ሲሄድ መጣሁ ይላል። ሲሞት አረፈ ይሉታል። እናንተ ደግሞ በዜና ሕይወቱ አለፈ ትላላችሁ፤ ወዴት እንደሚያልፍ እንጃ። ከዚያ ልጁ ለምን እንቅልፍ አጣ ብለው ሐኪም ይጠይቃሉ።»

እሷ ለማኅሌት «መጣሁ» ብላት አታውቅም። «እሄዳለሁ። ማታ እመለሳለሁ። መንገድ ከተዘጋ አክስትሽ ዘንድ ታድሪያለሽ» ነው የምትላት። ለጉልት ስትወጣም ቢሆን «እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ» ነው። የሻረግ ትቀልድባት ነበር፤ «ሽንኩርት ልትገዢ ነው ወይስ ኢየሩሳሌም ልትሳለሚ?»

ስለ ራሷ ፍርሃትም እንዲሁ ነበረች። የሻረግ ከግንደወይን ትመለሳለች በተባለበት ቀን ስልኳ እምቢ አለ። አትጠገብ ምድጃው አጠገብ ቆማ ማማሰያውን ባዶ ድስት ውስጥ ታዞራለች። ማኅሌት አየቻት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ?»

«ፈርቻለሁ። አክስትሽ እስካሁን አልደወለችም። መፍራቱም መጠየቁም የእኔ ሥራ ነው። ያንቺ ሥራ ይኸን ሽንኩርት መላጥ ነው።»

ልጅቷ ቁጭ ብላ ላጠች። የላጠችው ከሚያስፈልገው በላይ ነበር፤ ግን ላጠች። አትጠገብ ወደ በረንዳ ወጣችና በሹክሹክታ «እስኪ ና፣ ትንሽ ልፍራብህ» አለችኝ። በስልክም እንዲሁ ነበር የምትለው። ያልሰማችውን ሞት፣ ያልደረሰውን አደጋ ሁሉ በተርታ ትዘረግፍልኝና «በቃ፣ ቀለለኝ» ብላ ትገባለች። «ፍርሃትን ማሳየት ሌላ፣ ማሸከም ሌላ» ትል ነበር። «ልጄ ታየዋለች። የምትሸከመው አንተ ነህ፤ ትከሻ አለህ።» የሻረግ ያን ቀን አመሻሹ ላይ በሰላም ገባች።

በክፍል ውስጥ የሆነውን ከእሷ ብቻ ሳይሆን አብራት ካስተማረች መምህርትም ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ተኩስ በተሰማ ቀን ልጆቹን ከመስኮቱ አርቃ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸውና «ይህ ተኩስ ነው» አለቻቸው። «ሩቅ ይሁን ቅርብ አላውቅም። እኔም ፈርቻለሁ፤ ልቤ እንደ ሙቀጫ እየወቀጠ ነው። እስኪ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። የእናንተስ ምን እየወቀጠ ነው?»

«በርበሬ» አለ አንዱ።

«የኔ ጌሾ ነው።»

«ውሸቱን ነው፣ የሱም በርበሬ ነው፤ ዓይኑ አልቅሷል።»

«በርበሬም ቢሆን ይልማል» አለቻቸው። «እስኪልም እንጠብቃለን።» በየመሐሉ «አሁንስ?» ትላለች። ሙቀጫው ቀስ እያለ ሄደ።

በዚህ መሐል ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ «ልጆች፣ ምንም የለም፤ ርችት ነው» አለ።

«ጋሼ» አለች አንዲት ልጅ፣ «ርችት ከሆነ ለምን ጎንበስ ብለው ገቡ?»

ክፍሉ ሳቀ። ያ ሳቅ አትጠገብን አስከፈላት። በመምህራን ስብሰባ ላይ «ተማሪዎችን አስደንግጣለች» ተብላ ተገሠጸች። ተኩሱን የገሠጸ አልነበረም። ከተግሣጹ በኋላ ስትደውልልኝ ልፍራብህ አላለችም፤ «ልናደድብህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። «ምን እየወቀጠ ነው?» ማለቱን ግን አልተወችም፤ ቤትም ይዛው ገብታ ማኅሌትንና የሻረግን ትጠይቅ ነበር።

ከዚያ ታመመች። ካንሰር መሆኑን ስታውቅ ለማኅሌት በስሙ ነገረቻት። ወደ ባሕር ዳር ለመጨረሻ ጊዜ ከመሄዷ በፊት ደወለችልኝ፤ «ዛሬ ብዙ ነው የምፈራብህ፣ ጊዜ አለህ?» አለች። ሰማኋት። በመጨረሻ «ለማኅሌት ምን አልሻት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ያወቅሁትን ነገርኋት። የማላውቀውን አልነገርኋትም።»

ከቀብሩ ማግስት መንገዱ ክፍት ስለነበረ በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። የሻረግ ቤት ለቅሶ ደራሽ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ የንስሐ አባታቸውም አሉ። የሻረግ በጥቁር ቀሚሷ ላይ አበባ ያለበት ሹራብ ደርባለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷልና ሴቶቹ ዓይናቸውን እየታጠቡ፣ ጥቁራቸውን በጋቢ እየሸፈኑ ነበር። የሞተ ሰው ቤት ሆኖ የታመመ ሰው ቤት ለመምሰል ይለማመዳል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳይነሣ» አለችኝ የሻረግ ገና ሳልቀመጥ። «ነገ ፈተና አለባት።»

«ምን ፈተና?»

«የሂሳብ።»

«እናቷ ከሂሳብ ታንሳለች?»

 አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። «ልጄ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው» አሉ።

«ጊዜውማ አለፈ፣ አባ። ትናንት ቀበርናት። ልጇ እፍኝ አፈር አልጣለችም።»

«ታዲያ እርስዎ ይንገሯት!» አለች የሻረግ።

«አይሆንም። ነገ ፊቷን የምታጥቢያት አንቺ ነሽ።»

ያን ቃል የማን እንደሆነ አወቀችው። ፊቷ ተለዋወጠ። «እሷማ ትችላለች» አለች። «ፈሪ መሆኗንማ አውቃለሁ፤ በሩን ሁለት ጊዜ ሳትቆልፍ አትተኛም። ለመርዶ ግን ጸጋ ነበራት። ትናንት ሲነበብ በስልክ አሰምተውኛል፤ ፍርሃት የማታውቅ ሲሏት። እኔ ያ የለኝም። ከአፌ አይወጣም።»

የቀብሩ ሐሰት እዚህ ድረስ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ከፍ ማድረግ ግን ፈልጌ ነበር።

«ጸጋ አልነበራትም» አልኋት። «እህትሽ ከእያንዳንዱ መርዶ በኋላ ከአጥር ጀርባ ታስመልስ ነበር። ቆሜ አይቻታለሁ። እየፈራች ነው ገብታ የምትቀመጠው፤ መሬት የምትቀመጠውም ግማሹ እንዳትወድቅ ነው። ፍርሃት አታውቅም ያለሽ ሰው ዋሽቶሻል።»

የሻረግ የሹራቧን ቁልፍ ይዛ ቀረች። ያኔ በሩ ተከፈተ።

ማኅሌት ገባች። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ነው። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ አባን አየች፤ እኔ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ሬዲዮ፣ ከየት መጡ?»

«ከቢቸና።»

የሻረግ ቶሎ ብላ «እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ መድኃኒቷን ጨርሳ ትመለሳለች» አለች። ልማድ ነው፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ ተናገረ።

ማኅሌት ቦርሳዋን አወረደች። «እማዬ እንደዚያ አላለችም» አለች።

«ምን አለች ታዲያ?» አሉ አባ።

«ስትሄድ፣ እሄዳለሁ ነው ያለችኝ። እመለሳለሁ አላለችም። ጉልት ስትሄድ እንኳ እመለሳለሁ ትል ነበር።»

 አንዷ ሴት «ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ፣ የኔ ልጅ?» አለቻት።

«አክስቴ ትፈራለች ብዬ ነው» አለች።

እነሱ ልጅቷን ከሐዘን እንጠብቃት ሲሉ፣ የምትጠብቃቸው ለካ እሷ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ፍርሃት ተሸካሚ ትከሻ የተገኘው የእሷ ብቻ ነው። በሥራዬ ብዙ ነገር ሳልናደድ ጽፌያለሁ። ይህን አልችልም።

የሻረግ ሹራቡን አወለቀች። ጥቁሩ ታየ። ከወንበሯ ወርዳ መሬት ተቀመጠችና ማኅሌትን ወደ ጭኗ ሳበቻት።  ቃሉ ከአፏ ወጣ።

«እናትሽ ሞታለች።»

ማኅሌት አለቀሰች። ሴቶቹ አብረው ሊጮኹ ሲሉ አባ በእጃቸው ከለከሏቸው፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። ሙሉ ለሙሉ የእሷ ለቅሶ ነበር፤ ማንም አልተሻማትም። ሲበርድላት ጉንጯን ከአክስቷ ደረት ላይ አነሣችና በቦታው መዳፏን አስቀመጠች።

«አክስቴ፣ ምን እየወቀጠ ነው?»

የሻረግ መዳፏን በልጅቷ መዳፍ ላይ ደረበች።

«በርበሬ» አለች።

«የኔም» አለች ማኅሌት። «እስኪልም እንጠብቃለን።»